የንጉሥ መርዶ፦ ከደሴ እስከ ስካይላይን

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ደሴ ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ባለኝ ጊዜ ስለ አይጠየፍ አዳራሽ ወይም ስለ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት መጻፍ ይቀለኝ ነበር። በእነሱ ላይ ግን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋል። እኔ የመረጥኩት የነገሥታት ሞት ወሬ ወደ አገራችን ሰው ጆሮ እንዴት ይደርስ እንደነበርና ሰሚውም እንዴት ይቀበለው እንደነበር ነው። ምክንያት አለኝ። በጳጉሜን 2014 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲያርፉ እዚህ ስካይላይን ቡና የምንጠጣበት ቤት ቴሌቪዥኑ ለቀናት ከለንደን አልወጣም። ሕዝቡ አስከሬናቸውን ለመሰናበት በቴምስ ወንዝ ዳር ኪሎ ሜትሮች ተሰልፎ እናይ ነበር። እዚሁ ተወልዶ ያደገ የወዳጄ ልጅ «ጋሼ፣ ጃንሆይ ሲሞቱስ እንዲህ ሆኖ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሽማግሌዎች ተያየን። ከመካከላችን ንጉሡ የሞቱ ሰሞን በአደባባይ ሲለቀስ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። መልሱ በአንድ ሲኒ ቡና የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ አደረግሁት።

እኛ አገር ሞት አይነገርም፤ ይረዳል። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ እንኳ አገር ቤት እናቱ የሞተችበት ሰው በስልክ አይነገረውም። ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ሥራ የሚገባበት ሰዓት ተጠንቶ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ከሕንፃው በታች መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰብስቦ ነው በሩ የሚንኳኳው። አንዳንዴም «ፈተናውን ይጨርስ»፣ «እስክትወልድ እንታገሥ» እየተባለ መርዶው ወራት ይደበቃል። ይህን የምናደርግ ሰዎች የቤተ መንግሥትን ምስጢር ለመረዳት አንቸገርም። ልዩነቱ ቤተ መንግሥት መርዶ የሚደብቀው ለሐዘንተኛው ተሳስቶለት ሳይሆን የአልጋው ባዶነት እንዳይታወቅ መሆኑ ነው።

በድሮው ዘመን ንጉሥ ሞተ ማለት ሕግ አብሮ ሞተ ማለት ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ገበያ ይበተናል፣ ቂም ያለው ቂሙን ያወጣል፣ ወታደሩም የሚበላውን ከባላገር ቤት ይፈልጋል። ስለዚህ ነው ተተኪው በነጋሪት የሚያስነግረው አዋጅ በሐዘን ቃል ብቻ የማያልቀው፤ «የሞትነም እኛ፣ ያለነም እኛ» ይልና ነጋዴው እንዲነግድ፣ ገበሬው እንዲያርስ ያዝዛል። ይህን አዋጅ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕረግ ወግ ብቻ እናየዋለን። እኔ ግን ዋናው ቁም ነገር ሁለተኛው ክፍል ይመስለኛል። ባላገሩ ለማልቀስ ጊዜ የሚያገኘው ከብቱ እንደማይነዳበት ሲያውቅ ነው።

ወሎ ይህን በደንብ ታውቃለች። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ሲያርፉ ሠራዊታቸው ተበተነ፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ወሬው ሸዋ እንደደረሰ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አወጁ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 25፣ ከደሴ በስተሰሜን አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ከጣልያን ጋር ያን መዘዘኛ ውል ተፈራረሙ። አንድ ንጉሥ የሞተበት ወሬ ገና በየቀበሌው እየተረዳ ሳለ ሌላው በእኛው ደጃፍ ከፈረንጅ ጋር ማኅተም ያደርግ ነበር ማለት ነው።

የምኒልክ ሞት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በጠና ታመው አንደበታቸው ከተያዘ በኋላ «ሞተዋል»፣ «የለም፣ አሉ» የሚለው ወሬ ከዓመት ዓመት ሲመላለስ ኖረ። በእውነት ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ግን አልተነገረም፤ ለቅሶም አልተፈቀደም። አስከሬናቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ልጃቸው ዘውዲቱ ባሠሩላቸው በበዓታ ለማርያም አረፈ። አድዋ የዘመተ ወታደር ጌታው መሞቱን በሹክሹክታ ሰምቶ ፊቱን ሳይነጭ፣ ደረቱን ሳይደቃ ቀረ። በዚያ ዘመን ሚዛን ይህ ቀላል በደል አይደለም።

የደሴ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለበትን ቦታ ልብ እንበል። ምኒልክ ካረፉ አምስት ወር ከምናምን በኋላ፣ ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም.፣ ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው ተቀቡ። ዘውድ የደፉት በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ፈቃድ ነው፤ ልጅ ኢያሱም ሥልጣኑን ያገኙት ከአያታቸው ከምኒልክ ነው። አያትየው በይፋ «በሕይወት» አሉ። ከተማችን በነጋሪትና በእምቢልታ ስትናወጥ በዓሉን ያየ ሰው ሁሉ የሸዋው ንጉሠ ነገሥት እንደሌሉ ሳያውቅ ቀርቷል ብዬ አላምንም። አውቆ ዝም ማለት ግን የወሎ ሰው ብቻ ሳይሆን የመላው አገር ልማድ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተማርከው ያ ሁሉ ድግስ በእንባ ተለወጠ። የዚያ ቀን እንባ ግን የሚሸሸግ አልነበረም። የወሎ ቤት ሁሉ ሬሳ ቆጥሯል።

የንግሥት ዘውዲቱን ዕረፍት ቶሎ ልለፈው። ባላቸው የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ወደቁ፤ ንግሥቲቱ በሦስተኛው ቀን መጋቢት 24 ዐረፉ። ሁለቱ መርዶዎች ተከታትለው ስለመጡ ሕዝቡ እርስ በርስ አያያዛቸው። በሐዘን ነው ያለም፣ በሌላ ነው ያለም ነበር። ወሬ ባዶ ቦታ አይወድም።

ለእኛ ለደሴ ልጆች ከሁሉ የሚከብደው የልጅ ኢያሱ ነገር ነው። ደሴ ተወለዱ፤ ዘውድ ሳይጭኑ ገዙ፤ ከሥልጣን ወርደው በ1913 ከተያዙ በኋላ ፍቼ ታሰሩ፤ በ1924 አምልጠው ተያዙና ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ሞቱ ተባለ። ጊዜውን እዩት። ጣልያን ጦርነቱን ከከፈተ ሁለት ወር አልሞላውም። በዚያው ወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጦሩን ሊመሩ ደሴ ገቡ። ኅዳር 26 ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ፤ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል። እንግዲህ በልጅ ኢያሱ የትውልድ ከተማ፣ አሳሪያቸው በእንግድነት ባሉበት፣ ከሰማይ እሳት በሚወርድበት ሳምንት ማን ለማን ያለቅሳል? መርዶው በደንብ ሳይረዳ ቀረ። መቃብራቸው የት እንደሆነ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አይታወቅም። በልጅነቴ በሰፈራችን «ኢያሱ አልሞተም» የሚሉ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ ልጆች እንስቅባቸው ነበር። አሁን ሳስበው ሰውየው ያሉት፣ መቃብር ካላሳያችሁኝ አላምንም ነው። በመርዶ ሥርዓት ይህ ትክክለኛ ክርክር ነው።

አሁን ወደ ራሴ ዘመን ልምጣ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። በዋዜማው ምሽት፣ ዘመን በተለወጠበት ዕለት፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ያነሳበት ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ተቀላቅሎ በቴሌቪዥን ታየ። እኛ ደሴ ቴሌቪዥን አልነበረንም፤ ፊልሙም አያስፈልገንም ነበር። ረሃብተኛውን በ1965 በአስመራ መንገድ ዳርና ዳር ተቀምጦ በዓይናችን አይተነዋል።

ከዚያ ዓመቱን ሙሉ አዋጅ በአዋጅ ላይ ዘነበ። በኅዳር 14 ስልሳ የሚሆኑ ባለሥልጣናት ተረሸኑ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ሐምሌ 19 ትርፍ ቤት ተወረሰ። ይህን ቅደም ተከተል የማነሳው ነሐሴ 22 ቀን ሬዲዮው የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ትናንት መሞታቸውን ሲናገር ደሴ ውስጥ ሰው ሁሉ በራሱ ነገር ተጠምዶ እንደነበር ለማሳየት ነው። አባቴ ያከራያቸው የነበሩ ሁለት ክፍሎች ከተወሰዱበት ገና ወር ተጨማሪ ቀናት ብቻ ነበሩ። ገበሬው መሬት ያገኘ፣ ተማሪው በዘመቻ ላይ፣ ነጋዴው ቤቱን ያጣ። የሰማንያ ሦስት ዓመቱ ሽማግሌ በደም ዝውውር መታወክ ሞቱ፣ ከሁለት ወር ገደማ በፊትም የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር ተባለ። ብሔራዊ ሐዘን አልታወጀም። የቀብር ሥነ ሥርዓት አልተደረገም። የት ተቀበሩ ብሎ የሚጠይቅም አልተገኘም፤ ማን ይጠይቅ?

በቤታችን የሆነውን እነግራችኋለሁ፤ የሰፈሩም ሁኔታ ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። አባቴ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ። አላጠፋውም፣ ዝቅ አደረገው። አያቴ ምንም ሳትናገር ተነሥታ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። ሐዘን መሆኑ ነው። እናቴ ተከትላት ወጥታ «እማ፣ ልጆቹን አታስጨርሺን» ብላ ነጠላዋን በእጇ መልሳ አቃናችላት። አያቴ አልተከራከረችም። ከዚያ በኋላ ለሰባት ቀን ያህል ጎንበስ ብላ ፈትል ፈተለች እንጂ ስለ ጃንሆይ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ግቢያችን ውስጥ ደግሞ በረሃቡ ጊዜ ከሰሜን ወሎ ተሰድደው የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሦስት ልጆች መንገድ ላይ ቀብረዋል። እናቴ ጉዳዩን በሹክሹክታ ስትነግራቸው እህል ከማበጠራቸው ቀና አላሉም። «የኔዎቹ ሲሞቱ ሬዲዮ ተናግሮ ነበር?» አሉ። እናቴ መልስ አልነበራትም። እኔም ዛሬ ድረስ የለኝም። ያን ቀን በአንድ ግቢ ውስጥ የነበሩት ሁለት አሮጊቶች ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ስለ ጃንሆይ ሞት አንዱን ስሜት ብቻ «የሕዝብ ስሜት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሲያጋጥመኝ ግቢያችን ትዝ ይለኛል።

በውጭው ዓለም ነገሩ በሌላ መልክ ነበር። ጃማይካ ውስጥ ራስ ተፈሪያውያኑ ወሬውን ከቶ አልተቀበሉም፤ ቦብ ማርሊ በዚያው ዓመት አምላካቸው ሕያው መሆኑን የሚያውጅ ዘፈን አወጣ። እኛ በዚህ እንገረማለን። ነገር ግን የሰፈራችን ሽማግሌ ስለ ኢያሱ ያሉትም ያው ነው። አስከሬን ያልታየበት ሞት ሁልጊዜ የሚክድ ሰው አያጣም። መካዱም መሠረት አልነበረውም አይባልም። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የደርግን መግለጫ አልተቀበሉም ነበር። በ1984 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ የንጉሡ አጽም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከሲሚንቶ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ በኋላ በቀረበው ክስም ታፍነው ተገድለዋል ተባለ። አጽማቸው በበዓታ ለማርያም ተቀመጠ። የምኒልክ ጎረቤት ሆኑ። ሁለቱ፣ መርዷቸው የተደበቀ ነገሥታት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ማለት ነው።

አሁን ወደዚህ ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ለደሴ ሰው ሩቅ ሰው አልነበሩም። ገና በወጣትነታቸው የወሎ ገዥ ተብለው ደሴ ተቀምጠዋል፤ ከዚያም በኋላ ስማቸው ከጠቅላይ ግዛቱ ጋር እንደተያያዘ ኖረ፤ በተግባር ግን የሚያስተዳድሩት እንደራሴዎች ነበሩ። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በሬዲዮ የተሰማው ድምፅ የእሳቸው ነበር። በጥር 1965 ስትሮክ መትቷቸው ለሕክምና ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ፤ ረሃቡ ወሎን ሲፈጅ አገር ውስጥ አልነበሩም። ደርግ ሲመጣ በሌሉበት «ንጉሥ» አላቸው፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ዘውዱን ራሱን ሻረው። በ1981 ለንደን ላይ አምሃ ሥላሴ ተብለው በስደት ንጉሠ ነገሥትነታቸው ታወጀ። ከዚያ ወደ ቨርጂኒያ መጥተው ማክሊን ተቀመጡ። ከስካይላይን በመኪና ብዙ አይርቅም።

ያረፉት ዓርብ ጥር 9 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1997። ማግስቱ ከተራ፣ እሑድ ጥምቀት ነበር። ስለዚህ መርዶው ከሬዲዮ ይልቅ በበዓሉ ሰው መካከል ተዳረሰ። እኔ ያን ጊዜ ታክሲ እነዳ ነበር። ናሽናል ኤርፖርት የታክሲ ተራ ላይ ሰዓታት ስንጠብቅ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። የሚገርመው ማንም «ሞቱ ወይ?» ብሎ አልተከራከረም። ክርክሩ ምን ተብለው ይጠሩ የሚል ነበር። አንዱ «ንጉሠ ነገሥቱ» ይላል፤ ሌላው «አልጋ ወራሹ»፤ በወጣትነቱ ኢሕአፓ የነበረ አንድ ወዳጃችን «አቶ አስፋ ወሰን» አለና ሊደባደቡ ደረሱ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው ፖለቲካ በአንድ የማዕረግ ስም ውስጥ ገባ። በዕድሜ የገፉ አንድ የሐረር ሰው መኪናቸውን አስነሥተው ተሳፋሪ ሳይጭኑ ሄዱ። ሲያለቅሱ ነበር።

የዛሬው ማኅበራችን ያኔ ገና እቁብና እድር ነበር፤ አባሎቹም ከሠላሳ አይበልጡም። የአበባ ጉንጉን እንላክ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ዋጋው መቶ ዶላር የማይሞላ ነገር ሁለት ሰዓት አከራከረን። አንዱ ወገን «የወሎ ገዥ ነበሩ፣ እዚሁ አጠገባችን በስደት ሞተው ዝም ብንል ነውር ነው» አለ። ሌላው ወገን «ያ ሁሉ ወገናችን በረሃብ ሲያልቅ ማን አበባ ላከ?» አለ። ይህን ያሉት ወንድማችን የቆቦ ልጅ ነበሩ፤ ድምፃቸው ተቆርጦ ቁጭ አሉ። ከአባሎቹ በዕድሜ ታላቅ የነበሩት ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዳኝነት ሰጡ። ለቅሶ መድረስ ሹመት መስጠት አይደለም አሉ፤ አበባውን ማዋጣት የሚፈልግ ያዋጣ፣ ያልፈለገ አይጠየቅ፣ የእድሩም ገንዘብ አይነካ። ከዚያ ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ሌላ ክርክር አመጣ። በመጨረሻ የተጻፈው «ለቀድሞው የወሎ ገዥ፣ ከደሴ ልጆች» የሚል ብቻ ነው። ንጉሠ ነገሥትም አላልንም፣ አቶም አላልንም። አሥራ ዘጠኝ ሰው አዋጣ። የቆቦው ወንድማችን አላዋጡም፤ ማንም ቅር አላለውም።

አስከሬናቸው አዲስ አበባ ሄዶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የአባታቸው አጽም በዚያን ጊዜ ገና በበዓታ ተቀምጦ ቀብሩን ይጠብቅ ነበር። ልጅ አባቱን ቀድሞ ተቀበረ። ጃንሆይ እስከ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ቆዩ፤ ያኔም መንግሥታዊ ክብር አልተሰጣቸውም፤ ሥርዓቱን የመሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ነበሩ። የመጣው ሕዝብ ከተጠበቀው ያነሰ ነበር። ሪታ ማርሊ ተገኝታለች፤ ብዙ ራስ ተፈሪያውያን ግን አጽሙ የእሳቸው አይደለም ብለው ቀሩ። የሃያ አምስት ዓመት መርዶ ሲረዳ አልቃሹም አርጅቷል፤ ከሞቱት ቀሪው ጥቂት ነው። አያቴም ያን ቀን አልደረሰችም።

የአምሃ ሥላሴ ባለቤት ልዕልት መድፈሪያሽወርቅ አበበ በ2009 እ.ኤ.አ. እዚሁ አሌክሳንድሪያ ሲያርፉ ስካይላይን ላይ ወሬውን የሰማሁት ከቀናት በኋላ ነው። ክርክርም አልተነሣ፣ ጉንጉንም አልተዋጣ። በዚያው ሰሞን የደሴ የውኃ ጉድጓድ ገንዘብ እየሰበሰብን ነበር።

ለሚቀጥለው እትም አንድ ጥያቄ አለኝ። አያቶቻችሁ የልጅ ኢያሱን ወይም የንግሥት ዘውዲቱን መርዶ ሰኞ ገበያ፣ ሸዋ በር ወይም በገጠሩ እንዴት እንደሰሙ ነግረዋችሁ ከሆነ፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ ነሐሴ 22 ቀን 1967 የት እንደነበራችሁና በቤታችሁ ምን እንደተባለ የምታስታውሱ ከሆነ ላኩልን። ዘንድሮ ብቻ ከአባሎቻችን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተለይተውናል፤ ሁለቱም እነግርሃለሁ እያሉኝ ነበር። መጻፍ የማይመቸው በድምፅ ቀድቶ ቢልክ የማኅበሩ ጸሐፊ ይቀበላል።